አጠፋፉን ሳትጽፍ የላክኸው ሞተር

ወረታ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቀድሞው ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሣብህ ሳል እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አባቴም ደህና ነው፤ ዓይኑ ትንሽ ደከም አለ እንጂ ክንዱ እንደነበረ ነው። ወረታም አለች፤ ባጃጁ በዝቶ አቧራውም አብሮት በዝቷል። ከሜዳው ላይ ውኃው ከሸሸ ቆይቷል፣ ሩዙ ታጭዶ ተወቅቷል፣ ከብቱ ገለባው ላይ ተለቋል። እናትህ ደህና ናቸው። እህትህ እናኑም ደህና ናት፤ የልቧን ፊት ለፊት ስትናገር ባየኋት ቁጥር ከአንተ ጋር አንድ ጡት መጥባቷ ይገርመኛል። አባትህም ደህና ናቸው። ስለ እሳቸው ግን ደህና ናቸው ብዬ ብቻ አላልፍም፤ ይህ ሁሉ ወረቀት የሚሞላው በእሳቸው ነው።

ስምህን አለመጻፌን ልብ ብለህ ይሆናል። ረስቼው እንዳይመስልህ። የዛሬ ሦስት ዓመት አባትህ «የእኔ ሽማግሌ የቀጥቃጭ ደጅ አይረግጥም» ብለው አንተም አንዲት ቃል ሳትመልስ የአዲስ አበባን አውቶቡስ ስትሳፈር፣ አባትህ በእግራቸው መጥተው የአባቴን ደጅ እስኪረግጡ ድረስ ስምህን አልጠራም ብዬ ማልሁ። ማን አስማለሽ አትበለኝ፤ ንዴቴ ነው ያስማለኝ። በአፌ ያልጠራሁትን በብዕር ብጠራው ያው መሐላ ማፍረስ ነው። ስለዚህ «የቀድሞው ወዳጄ» ብዬሃለሁ፣ ቻለው።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም አንተ ንግግር ማቋረጥ ትወዳለህ። ደብዳቤን አታቋርጠውም። ለነገሩ መጀመሪያ የጻፍኸውም አንተ ነህ። ካርቶኑን ለአባትህ ብለህ በሾፌሩ በደሞዝ እጅ ላክህ፤ ከማሽኑ ሥር ደግሞ ለእኔ የታጠፈች ወረቀት ሸጎጥህ። እናኑ ናት ያመጣችልኝ። ሦስት መስመር። «ደህና ነሽ ወይ» ይላል አንደኛው። «ማሽኑ ካስቸገራቸው አንቺ እይላቸው» ይላል ሁለተኛው። «በጥር ብመጣ በር ትከፍቺልኛለሽ?» ይላል ሦስተኛው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ ቆይተህ በሦስት መስመር መጣህ፣ ከሦስቱም አንዱ ስለ ማሽን ነው። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አንብቤ የመፍቻዎቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኋት።

የጥያቄህን መልስ መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። ዘለህ እንዳታነብ። ነገር መዝለል ልማድህ ነው፣ የዘንድሮው ጣጣ ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

እናኑ እንደነገረችኝ ማሽኑ አንተ ከምትሠራበት ጋራዥ አንድ ደንበኛ አገር ለቆ ሲሄድ ትቶልህ የሄደው የሪሞት መኪና ነው። ቁመቱ አንድ ክንድ፣ በባትሪ ሳይሆን ናይትሮ በሚባል ነዳጅ የሚሠራ፣ ከነካርቡሬተሩ፣ ከነጭስ ማውጫው ከነማርሚታው እውነተኛ ሞተር ያለው። የአባትህ ጉልበት ማማ መውጣትና ወንጭፍ መወርወር ስለከለከላቸው፣ ይህ እየጮኸ በማሳው ዳር ቢሮጥ ወፍ ያባርራል ብለህ አሰብህ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ አልክድህም። ወፉ ሸሸ። የጎረቤት አህያም ሸሽታ ርብ ወንዝ ዳር ነው የተገኘችው።

ግን ማስነሣቱን ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍህላቸው። ሪሞቱ መጀመሪያ ይበራል አልህ፣ ማቀጣጠያው ካንዴላ እንዴት እንደሚሞቅ ሥዕል ሣልህ፣ ገመዱ በምን ያህል ኃይል እንደሚሳብ ሳይቀር ዘረዘርህ። ማጥፋቱ ላይ ስትደርስ «ማጥፋቱ ቀላል ነው፣ የአየር መግቢያውን ድፈኑት» ብለህ ፈረምህ። ያውም ጋራዥ የምትሠራ ሰው። አባትህ ዕድሜ ልካቸውን ሲደፍኑ የኖሩት ምንድን ነው? የሩዝ ማሳ ውኃ መግቢያ። በምን? በጭቃ። እና በጭቃ ደፈኑታ። ጥቁሩን የፎገራ ጭቃ በሁለት እጃቸው ለውሰው፣ ውኃ እንዳያሾልክ እንደሚያደርጉት አድርገው ጠቅጥቀው ደፈኑት። ሞተሩ ጠፋ፤ እንዴት አይጠፋም። በማግስቱ እናኑ በቅርጫት ተሸክማ እኔ ዘንድ ስታመጣው ማሽን ሳይሆን ከኩሬ የወጣ ነገር ነበር የሚመስለው።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ አብዛኛውን ጭቃ ባይዝልህ ኖሮ ሲሊንደሩ ተፍቆ አልቆ ነበር። እያንዳንዷን ቀዳዳ በራሱ ነዳጅ አጠብሁ፣ ነፋሁ፣ አደረቅሁ፣ መልሼ ገጠምሁ። ሲነሣ አባቴ መዶሻውን ቁጭ አድርጎ ሣቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ የማን እንደሆነ ለጊዜው ረስቼው ነበር።

መልሼ ስልከው አባትህ «ትምጣና አጠፋፉን ታሳየን» ብለው ላኩብኝ። ግቢያችሁን እንደማልረግጥ ታውቃለህ። እናትህ እኔ በደጃቸው ሳልፍ የወተት ዕቃ በነጠላ ይሸፍኑ የነበረውን አንተ ብትረሳ እኔ አልረሳሁም፤ የጠይብ ዓይን ወተት ያበላሻል አይደል። ማሳ ላይ ከሆነ እመጣለሁ ብዬ መለስሁ። አባቴ ወዴት እንደምሄድ ሲሰማ የነዳጁ ቱቦ ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት። ጠዋት ስነሣ አንዲት ትንሽዬ ጉጠት ሠርቶ፣ ቱቦውን እንዳትቆርጠው አፏን በፍየል ቆዳ አልብሶ፣ ብረት በሚቀጠቅጥበት መስፍ ላይ አስቀምጦልኛል።

ቀኑ ኅዳር መጨረሻ ነው። ከማሳችሁ ግማሹ ታጭዶ አውድማው ላይ ተከምሯል፣ ግማሹ ገና ቆሞ ወፍ ይጠብቃል። አባትህ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ቆመው «እንደምን ዋልሽ የዘሩ ልጅ» አሉኝ። እኔም በአክብሮት መለስሁ፤ አክብሮት ይጎድለኛል ብለህ እንዳትሰጋ። ሞተሩን አስነሣሁና በማሳው ዳር አስሮጥሁት። ከዚያ እሳቸው ይሞክሩት ብዬ ሪሞቱን ዘረጋሁላቸው።

«እዚያ አስቀምጪው» አሉኝ።

ተናደድሁ። ሠላሳ ዓመት ማረሻቸውን የሚያሾለው አባቴ ነው። ማረሻዋን ከአጥራችን ውጪ ያለችው ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ይጣራሉ፣ አባቴ ወጥቶ ያነሣል፣ ሠርቶ እዚያችው ድንጋይ ላይ ይመልሳል፣ እሳቸው ደግሞ ከድንጋይዋ ያነሣሉ። አንድ ቀን እጅ ለእጅ ተሰጣጥተው አያውቁም። እኔ ግን ያን ዕለት ልጣላ አልሄድሁም። ሪሞቱን የማሳው ድንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልሁ። እሳቸው መጥተው አነሡትና የነዳጅ ማንሻውን ጫን አደረጉት።

ሞተሩ በዚያን ጊዜ ከማሳው ወዲያ ጥግ እየጮኸ ይሄዳል። አባትህ ጩኸቱ በዛባቸውና ሊያስቆሙት ፈለጉ። ሬዲዮን የሚያጠፋ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ የሪሞቱን ማብሪያ ዘጉት። ከእጄ ተቀብለውኝ ቢሆን ኖሮ ማብሪያው ላይ ጣቴ ነበረ፣ እይዘው ነበር። ሪሞቱ ሲዘጋ መኪናው ጌታ እንደሌለው በሬ ሆነ። ነዳጁ እንደተከፈተ፣ መሪው እንደቀና፣ በደረቁ ማሳ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ አውድማው በረረ፤ ሄዶም ከክምሩ ግርጌ ገለባው ውስጥ በአፍንጫው ተሰካ።

ያ ክምር የቤታችሁ የዓመት ጉርስ ነው። የናይትሮ ማርሚታ ምን ያህል እንደሚግል ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ጎማው እየተሽከረከረ ገለባውን ወደ ማርሚታው ይገፋዋል። ስደርስ መጨስ ጀምሯል። በግራ እጄ ከኋላው ጨብጬ ጎማዎቹ መሬት እስኪለቁ አነሣሁት፣ በቀኝ እጄ የአባቴን ጉጠት ከኪሴ አውጥቼ የነዳጁን ቱቦ ያዝሁ። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት አንዴ ከፍ አድርጎ ይጮኻል፤ ቱቦው ሲታነቅ የመጨረሻዋን ነዳጅ ከብዙ አየር ጋር ስለሚያቃጥላት ነው። ያን ጊዜ የደነገጠ ሰው ይለቀዋል። እኔ አልለቀቅሁም። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

ዞር ስል አባትህ በዚያ ጉልበታቸው ደርሰው የሚጨሰውን ገለባ በእግራቸው ይረግጣሉ። እኔም መርገጥ ጀመርሁ። ለትንሽ ጊዜ ሁለታችን ጎን ለጎን እንደ ጥምድ በሬ እያበራየን ነበር ማለት ይቻላል። የቀረውን በጋቢያቸው አፈኑት። ጭሱ ሲበርድ ክምሩን ዞረው ያያሉ ብዬ ስጠብቅ «እጅሽ ተቃጠለ» አሉኝ። ግራ እጄን ማርሚታው ነክቶታል፣ ከአንጓዬ ከፍ ብሎ። ይህ ለእኔ ሥራዬ ነው አያ ቢተው፣ ይልቅ ክምሩን ይዩ አልኋቸው።

«ክምሩን አየሁት። የምልሽ እጅሽን ነው» አሉ።

እናትህ ጩኸቱን ሰምተው ውኃ በእንስራ ይዘው መጥተዋል፤ ቤቱ ሊቃጠል ነው መስሏቸው። አባትህ እጄን ሲያሳዩዋቸው እንስራውን አዘነበሉልኝ። ከሩቅ የሚያፈስሱ መስሎኝ ነበር። የለም፣ አንጓዬን ይዘው ነው ያፈሰሱት፣ ውኃው እስኪያልቅ አለቀቁኝም።  ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስሁ። እዚህ ላይ ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ።

ከመሄዴ በፊት አባትህ እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። አስተማርኋቸው፤ አንተም ስማ፣ ምናልባት አንድ ቀን ለሌላ ሰው ትጽፍ ይሆናል። መጀመሪያ ገለባ፣ ሣር፣ ጭድ ወደሌለበት ባዶ መሬት ይወሰዳል። እጅ ከነዳጅ ማንሻው ላይ ይነሣና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እስኪረጋ፣ በዝግታ ብቻ እስኪያጉረመርም ይጠበቃል። ከዚያ ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ ተይዞ ቱቦው በጉጠት ይታነቃል፤ ሲጮኽ አይለቀቅም። ማርሚታው አይነካም፣ በሚሽከረከረው ብረት አጠገብ ጣት አይገባም፣ የአየር መግቢያው ውስጥ ጭቃ የሚባል ነገር በጭራሽ አይገባም። ሞተሩ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ መኪናው ላይ ያለው ማብሪያ ይዘጋል፤ ሪሞቱ የሚዘጋው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ሪሞት እረኛ ነው፣ ከብቱ ሳይታሰር እረኛው አይተኛም አልኋቸው፤ ይቺን ወደዷት። ሲበርድ ደግሞ ታንኩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ይደፋል፣ ሞተሩ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ዘይት ይገባል፣ ፒስተኑ ከላይ ተሰንቅሮ እንዳይቀር ገመዱ በቀስታ ይሳብና መሐል ላይ ይተዋል። አባትህ ይህን ሁሉ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው አንድ ሳያዛንፉ ደገሙልኝ።

ጉጠቷን ልተውላቸው ፈለግሁና፣ የት ላስቀምጣት ብዬ መሬት መሬት ሳይ መዳፋቸውን ዘረጉ። እጃቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ቆዳውን ደባበሱ፣ መጋጠሚያዋን ከፈቱ፣ ዘጉ። የዘሩ እጅ ነው አሉ ለራሳቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ሩዙ ታጭዶ ካለቀ፣ ወፉም ወደ ሌላ አገር ከሄደ በኋላ እናኑ መጣች፤ «አባባ ማሽኑ አልጠፋ አለኝ ይላል፣ ድረሽ» አለችኝ። የፓምፕ ጥገና ሥራዬን ጥዬ እናንተ ቀዬ ቁሐር ሚካኤል ድረስ በባጃጅ በረርሁ። ስደርስ ሞተሩ ፀጥ ብሏል። ኋላ በራሱ ጊዜ ጠፋ አሉኝ አባትህ። በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ሞተር የለም፣ ነዳጁ አልቆ ይሆናል ብዬ አየሁት፤ ምንም እንከን የለውም። እናትህ ቆሎ አቀረቡልኝ፣ ማሳ ላይ አይደለም፣ ግቢው በር ላይ። ቆሜ በላሁ። በሳምንቱ ደግሞ መጣች፣ ያንኑ ቃል። ሄድሁ፣ ያንኑ አገኘሁ። ወፍ ሳይኖር ምን ያስነሡታል ብላቸው ለልምምድ ነው አሉኝ። ዐሥር የሽንኩርት ማጠጫ ፓምፕ ደጄ ላይ ተሰልፏል፣ ገበሬው ሁሉ ውኃ ልስብ ነው ብሎ ይጨቀጭቀኛል፣ እኔ ለልምምድ ቁሐር እመላለሳለሁ። ከትናንት ወዲያ ለሦስተኛ ጊዜ ሲልኩብኝ ተቆጣሁ። ከእንግዲህ ከቤቴ አልወጣም፣ ካልጠፋ ይዘውት ይምጡ፣ ደጃችንን ያውቁታል፣ ድንጋይዋ ያለችበት ነው በይልኝ አልኋት። እናኑ ደንግጣ አየችኝ። እኔም ከተናገርሁት በኋላ ደነገጥሁ፣ ግን አልመለስሁትም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። በጥር አትምጣ።

አልወድህም ብዬ አይደለም። ይህን ሦስት ዓመት ዝም ብዬህ አሁንም ብደብቅህ ልክ እንደ አንተ መሆኔ ነው፤ እወድሃለሁ። ግን ዕቃ መሬት ላይ እየተቀመጠ የሚሰጠኝ ቤት ገብቼ ሙሽራ አልባልም። እናትህ እጄን ያዙ፣ አባትህ ጉጠት ተቀበሉ፤ ይህን አልረሳም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ያ ለእኔ ነው፣ ለአባቴ አይደለም። እኔ ደግሞ ከአባቴ ተለይቼ የምከበርበት ክብር አልፈልግም። እጄ ላይ ሙያ አለ፣ ደጄ ላይ ሥራ አለ፣ ብቻዬን ብሆንም አልጎድልም። በር ትከፍቺልኛለሽ ብለህ የጠየቅኸኝ እኔን ነው። የተዘጋው በር የእኔ አልነበረም።

ነገ ማለዳ ለደሞዝ እሰጠዋለሁ።

ታኅሣሥ 20

ደብዳቤው አልሄደም። መንገዱ ተዘግቶ ደሞዝ እስከ ነገ አይነሣም። ከላይ የጻፍሁትን አልቀደድሁትም፤ በጻፍሁት ዕለት እውነት ነበርና እንዳለ ይድረስህ። አባቴ የወናፉን እሳት ገና አላዳፈነም፣ እኔ በእሱ ብርሃን ነው የምጨምርልህ።

ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ጾም ስለሆነ የምንበላው ያን ጊዜ ነው፤ አባቴ እጁን ታጥቦ ከመስፉ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጧል፣ ሽሮው ቀርቧል። እኔ የአንድ ፓምፕ ሆድ ከፍቼ እስከ ክርኔ ዘይት ሆኛለሁ። ከውጪ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አባትህ ናቸው። ማረሻ የሚያስቀምጡባት ድንጋይ ጋ ቆመዋል፣ በጋቢያቸው የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። እንደ ልማዳቸው ከዚያው ይጣራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ድንጋይዋን አለፏት። ዝቅ ብለው፣ ያን ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ደጃችንን ተሻግረው ገቡ። አባቴ የያዛትን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጣት።

«ውባንቺ» አሉኝ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ይኸ ነገር ዛሬም እምቢ አለኝ፣ እስካሁን አልጠፋም።»

ጋቢውን ገልጠው መኪናውን ከእጃቸው ወደ እጄ ሰጡኝ። ፀጥ ያለ ነው። መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ታንኩን ከፈትሁት፣ ተደፍቶ ደርቋል። ካንዴላውን ፈታሁ፣ ውስጡ አዲስ ዘይት ያብለጨልጫል። ፒስተኑ መሐል ላይ ነው። ቱቦው ላይ የቆዳ አፍ ያለው ጉጠት ደጋግሞ የያዘበት ስስ ምልክት አለ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሁልጊዜ ሳይስቱ የያዙበት። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ወናፉን ያዩ ነበር።

ከበድ ያለ ብልሽት ሳይሆን አይቀርም፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ቁጭ ይበሉ አልኋቸው።

አባቴ ማንም የሚበላ ሰው የሚለውን አለ። «እንብላ፣ አያ ቢተው።» ሠላሳ ዓመት በአጥሩ ላይ ይህንኑ ሲላቸው ኖሯል፣ እሳቸውም ይባረክላችሁ እያሉ ማረሻቸውን አንሥተው ሄደዋል። ዛሬ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ውኃ አምጪና አስታጥቢኝ» አሉኝ።

አስታጠብኋቸው። ዓይኔ አባቴ ላይ ስለነበር ግማሹ ውኃ እግራቸው ላይ ፈሰሰ፤ አልተቆጡም። ከአባቴ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ። ስለ ሩዙ አወሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ አባቴ ስለ ዓይኑ ነገራቸው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መፈታት የማያስፈልገውን ብሎን ስፈታ ስገጥም ቆየሁ። ሊነሡ ሲሉ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት እቤትህ ትገኛለህ ወይ ብለው አባቴን ጠየቁት። ወዴት እሄዳለሁ አለ አባቴ። እንግዲያው መልካም አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ማሽኑን አልወሰዱም። ስታበጂው እልካለሁ አሉኝ፤ ቆይተው ደግሞ ከደጅ ሆነው የለም፣ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ አሉ።

እንዳትነግራቸው። እኔ ምን እንዳየሁ አያውቁም፣ ማወቅም የለባቸውም። ቢጠይቁህ ሞተሩ አስቸጋሪ ነው በላቸው።

ስትመጣ ሁለት ካንዴላና አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዘህ ና፤ ናይትሮውም አልቋል፣ አባትህ በልምምድ ጨርሰውታል። ለአባቴ የንባብ መነጽር ብታገኝለት አልጠላም። ሳልህን ተጠንቀቅ፣ የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ያለው ንፋስ ዘንድሮ ክፉ ነው፣ ጋቢ ደርብ። የቁሐሩ ሚካኤል በመንገድህ ሁሉ ይቅደምልህ፣ የጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት ይከተልህ፣ እጅህ የነካው ሥራ ይቅናልህ። እናትህ ባየኋቸው ጊዜ ሰላም ብለውሃል፣ አባቴም እንዲሁ፤ ሰላም በይልኝ ካለ ሦስት ዓመቱ ነበር።

አሁን ደግሞ ፖስታውን ገልብጠህ እይ። ለደሞዝ እንዳይጠፋበት ብላ ነው እንዳትል፣ እሱ አንተን በመልክ ያውቅሃል። ለእሱ ብዬ አልጻፍሁትም። ሦስት ዓመት ሳልጽፈው ቆይቼ ፊደሉ እጄ ላይ ትንሽ ተንጋዶብኛል፣ ግን ሙሉውን ነው፣ ከነአባትህ ስም።

ወዳጅህ